ቀንጣፋን ማን አገኘው?

በጅቡቲ ከተማ፣ ራስ ዲካ ለቀረበ የሕዝብ ትምህርት የተዘጋጀ ንግግር



በዚህ ሙቀት ስለ ሐረግ ሊሰማ የመጣ ሁሉ ምስጋና ይገባዋል። የዛሬው ጥያቄያችን አንድ ተክል «አዲስ ዝርያ» የሚባለው እንዴት ነው የሚል ነው። «ተመራማሪዎች አዲስ ተክል አገኙ» የሚል ዜና ስንሰማ፣ አንድ ሰው ጫካ ገብቶ ማንም አይቶት የማያውቀውን ነገር ይዞ ብቅ ሲል ይታየናል። ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ አይደለም። ለዚህ ምስክር አድርጌ የምጠራው ሁላችሁም የምታውቁትን፣ ብዙዎቻችሁንም ልብስ ያስቀደደውን አሮጌ ጠላት ነው፤ ቀንጣፋን። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እዚህ ጅቡቲ የተወለዳችሁ ወጣቶች ላታውቁት ትችላላችሁ። ወላጆቻችሁ ግን ከወሎም ይምጡ ከጎንደር፣ ከሸዋም ይምጡ ከሐረርጌ፣ ስሙን ሲሰሙ ክንዳቸውን ማሻሸታቸው አይቀርም። ቀንጣፋ ወይና ደጋ ላይ፣ በወንዝ ዳርና በቁጥቋጦ መሀል የሚበቅል እሾሃም ሐረግ ነው። ቅጠሉ እንደ ግራር ደቃቅ ነው፤ አበባው ነጣ ያለ ሆኖ ደስ የሚል ሽታ አለው። ፍሬው አንዲት ዘር ይይዝና ከጫፉ ክንፍ ያወጣል። ባፈራ ጊዜ ቁጥቋጦው በሙሉ ቀይ ይለብሳል፤ ሲደርቅ ወደ ቡናማ ይለወጥና ነፋስ ያበረዋል። ከሩቅ ላየው ለግቢ ጌጥ የተተከለ ይመስላል። ጉዱ የሚታየው ሲቀርቡት ነው። ቅጠሉ ከግንዱ በሚነሣበት ቦታ ሁለት ሁለት ሆነው የበቀሉ እሾሆች አሉት፤ ጫፋቸው ወደ ኋላ የታጠፈ ነው። በቅጠሉ ዘንግ ሥርም ደቃቆቹ ተደርድረዋል። እጅ ሲገባ ዝም ይላል፤ ሲወጣ ነው የሚይዘው። አንዱን ሲያላቅቁ ሌላው ይነክሳል። ገበሬው ለአጥር የሚመርጠውም ለዚሁ ነው።

ለተክሉ ግን ያ እሾህ መሰላል ነው። ቻርልስ ዳርዊን በ1865 ስለ ሐረጎች እንቅስቃሴ ባሳተመው ጥናት ሐረጎችን በአወጣጣቸው ከፋፍሏቸዋል። በአገራችን ተክሎች ብናየው፣ ጠምበለልና ቦዬ ግንዳቸውን ራሱን በሌላው ላይ ይጠመጥማሉ። ቅልና ዱባ እንደ ክር የቀጠነ መያዣ ይዘረጋሉ። የአዞ ሐረግ በቅጠሉ ዘንግ ቅርንጫፍ ያቅፋል። ቀጋና ቀንጣፋ ደግሞ በእሾሃቸው ተንጠልጥለው ይወጣሉ። ዳርዊን እነዚህን መንጠቆኞች ከሁሉ ያነሰ ችሎታ ያላቸው አድርጎ ነበር የቆጠራቸው፤ እርግጥ ፍርዱን የሰጠው የአውሮፓን አየር አስቦ ነው። ጎንደር ላይ የሆነውን ቢሰማ ምን ይል እንደነበር እንጃ።

ጎንደር ላይ የሆነውን የነገረን ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ በ1769 በምጽዋ ገባ፤ በ1771 መጨረሻ ከጎንደር ተነሥቶ በስናር በኩል ተመለሰ። የጉዞ መጽሐፉን በአምስት ቅጽ ያሳተመው በ1790 ነው። በመጽሐፉ እንደሚተርከው፣ በ1770 መጨረሻ ወጣቱ ዓፄ ተክለ ሃይማኖት ከራስ ሚካኤል ስሑል ጋር ወደ ጎንደር ሲመለሱ ቀንጣፋ መንገድ ላይ ያዛቸው። መጀመሪያ ጸጉራቸውን ነካ፤ ቀጥሎ በላያቸው የነበረውን ስስ ሸማ ጠቅልሎ ያዘ። ሲያላቅቁት ባሰበት። በመጨረሻ ንጉሡ ልብሱን እዚያው ጥለው፣ ራሳቸውና ፊታቸው ተገልጦ በሠራዊቱ ፊት ታዩ። የንጉሥ ፊት በአደባባይ በማይታይበት በዚያ ዘመን ይህ ትልቅ ውርደት ነበር። ንጉሡ አልተቆጡም፤ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም። የዚህ አገር ሹም ማነው ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቁ። ሹሙ፣ ስድሳ ዓመት ገደማ የሆነው ሰው፣ ከልጁ ጋር እየሮጠ ቀረበ። ብዙ አልቆየም፤ አባትና ልጅ በአንድ ዛፍ ላይ ተሰቀሉ። ጥፋታቸው ንጉሥ የሚያልፍበትን መንገድ ከቀንጣፋ አለማጽዳታቸው ነው።

ብሩስ አንድ ነገር ይጨምራል። ንጉሥ ሊዘምት ሲነሣ ወዴት እንደሚሄድ ጠላት እንዳያውቅ፣ በአራቱም ማዕዘን ያለ ቀንጣፋ ሁሉ እንዲመነጠር አዋጅ ያስነግር ነበር። ወታደሩ ደግሞ ትከሻው ላይ ቆዳ ይደርብ ነበር፤ ቆዳን ቀንጣፋ አይዘውምና። እንግዲህ አዋጅ የወጣበት፣ ሰው የተሰቀለበት፣ ልብስ የተቆረጠለት ተክል ነው። ይህን ተክል የአውሮፓ ሊቃውንት በየተራ «አዲስ» እያሉ ጻፉት።

በየተራ ያልኩት ነገር ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል።

ከዚህ ከተማ ወደ ሰሜን ቢሄዱ ባብ ኤል መንደብ የሚባለው የባሕር በር ይገኛል። ጠባቡ ቦታ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ከዚያ ማዶ የየመኗ ሞካ አለች። ብሩስ ጎንደር ከመግባቱ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1763፣ የዴንማርክ ንጉሥ የላከው የጥናት ቡድን ሞካ ደርሶ ነበር። በውስጡ የዕፅዋትን ስም አሰያየም ሥርዓት ያስያዘው የስዊድናዊው ሊቅ የሊኔየስ ደቀ መዝሙር የነበረ ፔር ፎርስኮል የሚባል ወጣት ነበረ። የመን ተራሮች ላይ እየወጣ ተክል ሲሰበስብ ወባ ያዘውና በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ያሪም በምትባል ከተማ ሞተ፤ ዕድሜው 31 ነበር። ከስድስቱ የቡድኑ አባላት በሕይወት የተመለሰው ካርስተን ኒቡር ብቻ ነው። ኒቡር የጓደኛውን ማስታወሻ ሰብስቦ በ1775 ኮፐንሃገን አሳተመው። ጫት በዓለም የዕፅዋት መዝገብ የገባው በዚህ መጽሐፍ ነው። በየቀኑ ከድሬዳዋ በኩል የሚመጣውን ጭነት የምትጠብቁ ወገኖቼ፣ በርጫችሁ ላይ የሟቹን ስም አንድ ጊዜ ብታነሡለት አይከፋም።

በዚያው መጽሐፍ ውስጥ «ሚሞሳ ስቴላታ» የሚል ስም የተሰጠው አንድ እሾሃም ተክል አለ። ቀንጣፋ ነው። ፎርስኮል ቅጠሉን አይቶ ከግራሮች ዘመዶች ጋር ደምሮት ነበርና፣ በኋላ የመጡት ሰዎች ቀንጣፋን በዚያ ቦታ አልፈለጉትም።

ስለዚህ ብሩስ በ1790 ስለ ቀንጣፋ ሲጽፍ እንደ አዲስ ነገር ጻፈው፤ ሥዕልም አወጣለት። እንደ ብሩስ ብዙ ሥዕሎች ሁሉ፣ እዚህም ላይ ሊነሣ የሚገባው ሠዓሊው፣ የቦሎኛው ተወላጅ ሉዊጂ ባሉጋኒ ነው። ብሩስን ተከትሎ ኢትዮጵያ ገብቶ፣ የኮሶውን፣ የእንሰቱንና የሌላውንም ተክል መልክ በቀለም አስቀርቶ፣ በ1771 እዚያው ጎንደር ሞተ። ብሩስ በመጽሐፉ የባሉጋኒን ድካም እንደሚገባው አልመሰከረለትም። ዋናዎቹ ሥዕሎች ዛሬ አሜሪካ፣ ዬል ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ፤ የእጁ ሥራ በወጉ ተለይቶ በመጽሐፍ የወጣው ግን በ1991 ነው። በእኔ ግምት ከብሩስ ስሕተቶች ሁሉ የከፋው ይኸኛው ነው።

ዮሐን ፍሪድሪሽ ግሜሊን ጎቲንገን ላይ ተቀምጦ የዓለምን ተክል ሁሉ በአንድ መጽሐፍ ሲያጠቃልል የብሩስ መጽሐፍ ደረሰው። ኢትዮጵያን አላያትም፤ ቀንጣፋም ወግቶት አያውቅም። ብሩስ በጻፈው ተመሥርቶ ግን ተክሉን «ካንቱፋ ኤክሶሳ» ብሎ ሰየመው። ሁለተኛው ቃል በላቲን የተጠላ ማለት ነው፤ የሹሙን ታሪክ ላነበበ ሰው ስሙ አይበዛበትም። የመጀመሪያው ደግሞ የራሳችን ቀንጣፋ ነው። እንዲህ ሆኖ ጎንደር ላይ ገበሬው የሚጠራበት ስም የአንድ ሙሉ የዕፅዋት ወገን የሳይንስ መጠሪያ ሆነ።

ብዙ ግን አልቆየበትም። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ከትግራይ ያመጣቸውን ተክሎች የዘመኑ ታላቅ የዕፅዋት ሊቅ ሮበርት ብራውን አየለትና ዝርዝራቸው በሶልት መጽሐፍ በ1814 ወጣ። ቀንጣፋ በዚያ ዝርዝር «ፕቴሮሎቢየም» ተባለ። ብራውን ስም አወጣ እንጂ ስለ ተክሉ አንድ መስመር እንኳ አልገለጸም፤ ገለጻ የሌለው ስም ደግሞ በዕፅዋት ስም አሰያየም ሕግ ዋጋ የለውም። ሮበርት ብራውንም ቢሆን መልኩን ሳይጽፍ ስም ካወጣ ከብት ጠባቂው ካወጣው ስም የተለየ መብት አያገኝም። ጉድለቱን በ1834 የሞሉት በሕንድ ተክሎች ላይ የሚሠሩት ዋይትና አርኖት ናቸው። እንግዲህ በቀደምትነት ሕግ ከሄድን ካንቱፋ ይቀድማል። ይሁን እንጂ ፕቴሮሎቢየም የሚለው ስም በእስያም በአፍሪካም ላሉት የቀንጣፋ ዘመዶች በመጻሕፍት ተለምዶ ስለነበረ፣ የዕፅዋት ሊቃውንት ሕጉ በሚፈቅደው ልዩ ውሳኔ እሱ እንዲጸና፣ ካንቱፋ እንዲቀር አደረጉ።

የመጨረሻውን ቋጠሮ የፈታው የለንደኑ ኪው ዕፅዋት ማዕከል ባልደረባ ጆን ብሬናን ነው። የፎርስኮል ሚሞሳና የብሩስ ቀንጣፋ አንድ ተክል መሆናቸውን ይዞ፣ በ1954 «ፕቴሮሎቢየም ስቴላተም» የሚለውን ስም አወጣ። ሕጉ የሚለው የዝርያው መጠሪያ የሊኔየስ የዕፅዋት መጽሐፍ ከወጣበት ከ1753 ወዲህ ከወጡት ሁሉ ቀዳሚው ይሁን ነው። ያሪም ላይ የሞተው ወጣት ያወጣው ቃል ከ179 ዓመት በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። ዛሬ ስሙ በሙሉ ሲጻፍ የፎርስኮል ስም በቅንፍ፣ የብሬናን ከቅንፉ ውጭ ይከተላል።

ታዲያ ቀንጣፋን ማን አገኘው? በእኔ እምነት ከእነዚህ ሰዎች አንዳቸውም አላገኙትም። መንገዱን ሲመነጥሩ የኖሩት የጎንደርና የየመን ሰዎች ቀድመው ያውቁታል፤ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቀውም የለም። ሊቃውንቱ ያደረጉት ሌላ ሥራ ነው። የሰንዓው፣ የጎንደሩና የናይሮቢው ሰው በየቋንቋው የሚጠራውን ተክል አንድ መሆኑን የሚያረጋግጥ፣ ማንም ሄዶ ሊመረምረው የሚችል ማስረጃ አቆሙ። ይህን ሥራ አቃልዬ አላየውም። ሥራውን የሠራው ማን እንደሆነ ሲደበቅ ግን ዝም ማለት አይገባም። በዚህ ከተማ አጥር ላይ በየቦታው የሚያብበው ቡጌንቪሊያ በ1767 ሪዮ ዴ ጃኔሮ አጠገብ በፈረንሳዊው የዕፅዋት ሊቅ በፊሊቤር ኮመርሶን ስም ተሰበሰበ። አብራው ትሠራ የነበረችው ዣን ባሬ ግን በሚጓዙበት መርከብ ሴት ስለማይፈቀድ የወንድ ልብስ ለብሳ ነበር የምትጓዘው፤ ኋላ ዓለምን የዞረች የመጀመሪያዋ ሴት ተብላለች። በ2012 ከኢኳዶርና ከፔሩ የተገለጸ የእምቧይና የድንች ወገን ሐረግ «ሶላነም ባሬቲየ» ተብሎ ስሟ ተሰጠው። ከሁለት መቶ አርባ ዓመት በላይ ፈጀ።

አሁን ሥራው ዛሬ እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። ከእናንተ አንዱ ዝናብ ካለፈ በኋላ ወደ ጎዳ ተራሮች፣ ወደ ዴይ ደን ወጣ እንበል። እዚያ ጽድ ላይ የወጣች፣ ከዚህ ቀደም ያላያት ሐረግ አየ። አዲስ ልትሆን ትችላለች? ትችላለች። በዚያ ደን የሚኖረው የጅቡቲ ቆቅ እንኳ ለሳይንስ የተገለጸው በ1952 ነው።

መጀመሪያ ናሙና ያስፈልጋል። ሐረግ ደግሞ ለናሙና ሰብሳቢ አስቸጋሪ ነው። አበባው ላይ፣ ከዛፉ አናት፣ ያለው ቅጠል ሥሩ አጠገብ ካለው ቅጠል ጋር ላይመሳሰል ይችላል፤ አንዱን ብቻ የቆረጠ ሰው ይሳሳታል። የዱባና የቦዬ ዘመዶች ውስጥ ደግሞ ወንዱ አበባ በአንድ ተክል፣ ሴቷ በሌላ የሚሆንባቸው ብዙ ናቸው፤ ሁለቱን ለየብቻ ያገኘ ሰው ሁለት ዝርያ ነው ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ስለዚህ አበባም፣ ፍሬም፣ ከላይና ከታች ያለው ቅጠልም ይወሰዳል። በጋዜጣ መሀል ተዘርግቶ በእንጨት ፍሬም መሀል ይጨመቃል፤ እርጥብ ጋዜጣው እየተለወጠ ይደርቃል። በአሁኑ ጊዜ ቁራሽ ቅጠል ለዘረመል ምርመራ ለብቻው ይቀመጣል። ከዚያ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ከናሙናው እኩል ዋጋ አለው፦ ቦታው፣ ከፍታው፣ ቀኑ፣ የሰብሳቢው ስምና ቁጥር፣ የአካባቢው ሰው የሚጠራበት ስም። የአበባው ቀለምና ሽታውም ይጻፋል፤ ሁለቱም ሲደርቅ ይጠፋሉና።

ቀጥሎ የሚመጣው አሰልቺው ክፍል ነው፤ እውነተኛው ሥራም እሱ ነው። ናሙናው በዓለም ሐርባሪየሞች፣ ማለትም በደረቁ ተክሎች ማከማቻዎች፣ ካሉት ዘመዶቹ ጋር አንድ በአንድ ይተያያል። ከ1753 ወዲህ ለዚያ ወገን የወጣ ስም ሁሉ ይፈተሻል፤ ፎርስኮል ጓዳ ውስጥ የተሸሸገ ሌላ «ሚሞሳ» እንዳይኖር። ልዩነቱ በአንድ ተክል ብቻ ሳይሆን በብዙ ተክሎች ላይ ጸንቶ ከተገኘ ገለጻው ይጻፋል። እስከ 2011 መጨረሻ ድረስ ይህ በላቲን መሆን ነበረበት፤ ከ2012 ጀምሮ በእንግሊዝኛም ይፈቀዳል። በመጨረሻ አንዱ ናሙና ለዚያ ስም ማመሳከሪያ ሆኖ ይሰየማል፤ የት እንደተቀመጠም ይታተማል። ከዚያ ወዲያ ክርክር ቢነሣ ዳኛው ያ የደረቀ ቅርንጫፍ ነው።

ለዚህ ነው ከአንዱ ተክል ብዙ ቅጂ ተቆርጦ ወደተለያዩ አገሮች የሚላከው። ከ1837 ጀምሮ እስከ ሞተበት እስከ 1878 ኢትዮጵያ የኖረው ጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር ከትግራይና ከስሜን የሰበሰባቸውን ተክሎች ወደ ብዙ የአውሮፓ ከተሞች ልኳል። በመጋቢት 1943 በርሊን ስትደበደብ የከተማይቱ ታላቁ ሐርባሪየም ተቃጠለ። ከሺምፐር ተክሎች ብዙዎቹ ዛሬ ሊመረመሩ የሚችሉት ሌላ ቦታ ቅጂ ስለነበራቸው ነው።

በ2010 የታተመ ጥናት ደግሞ የሚያስገርም ነገር አሳይቷል። ከአዲስ የዕፅዋት ዝርያዎች ውስጥ በተሰበሰቡ በአምስት ዓመት ውስጥ የተገለጹት 16 ከመቶ ብቻ ናቸው። ከአራቱ አንዱ ገደማ ከ50 ዓመት በላይ ሐርባሪየም ውስጥ ተኝቶ ነበር። ብዙው «አዲስ» ዝርያ ያለው ጫካ ብቻ ሳይሆን የሚያየው ባለሙያ ያጣ መደርደሪያ ውስጥ ነው ማለት ነው።

አገራችን በዚህ ረገድ የምትኮራበት ሥራ አላት። በ1980 የተጀመረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጻሕፍት ሥራ በአዲስ አበባና በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲዎች ትብብር ተካሂዶ በ2009 ተጠናቀቀ። ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፣ እንሰርሙ ቀልቤሳ፣ ሰብስቤ ደምሰው፣ ስዊድናውያኑ ኢንጋና ኦሎቭ ሄድበርግ፣ ሱ ኤድዋርድስ እና ሌሎችም የደከሙበት ነው፤ ስድስት ሺህ ያህል ዝርያዎች ተመዝግበውበታል። ናሙናው አራት ኪሎ በሚገኘው ብሔራዊ ሐርባሪየም ተቀምጧል። የሺምፐር ዘመን ሰው የአገሩን ተክል ለማየት ፓሪስ ወይም ለንደን መሄድ ነበረበት።

ያም ሆኖ አላለቀም። በዚያ ሥራ የባቄላና የግራር ቤተሰብን፣ ማለትም የቀንጣፋን ዘመዶች፣ የጻፈው የኡፕሳላው ማትስ ቱሊን ከመጽሐፉ በኋላ ወደ ኦጋዴን ሄዶ ለሳይንስ የማይታወቅ ግራር አገኘ፤ «አካሺያ ፉሞሳ» ተባለ። ስምንት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በሚያህል ቦታ ላይ በብዛት የቆመ ዛፍ ነው። በዚያ የሚኖሩ ሶማሌዎች በየቀኑ ያዩታል። ለሊቃውንቱ ግን መንገዱ በጦርነትና በሥጋት ተዘግቶ ነበርና አልታያቸውም። ዛፍ እንዲህ ከተረሳ፣ ከዝናብ በኋላ ጥቂት ሳምንት ብቻ ቅጠል አውጥታ ሌላውን ጊዜ ሥሯን መሬት ውስጥ ደብቃ የምትቆይ የቆላ ሐረግ ምን ያህል ልትረሳ እንደምትችል ገምቱ። ከድሬዳዋ እስከዚህ ባሕር ያለው አገር እንዲህ ያሉ ሐረጎች የሚበቅሉበት ነው፤ ተመራማሪው የሚመጣው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መንገዱ በሚመቸው በደረቁ ወቅት ነው።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። በባቡርም ሆነ በጭነት መኪና የምትመላለሱ፣ ወደ አርታና ወደ ዴይ ለሽርሽር የምትወጡ፣ ስልክ ሁላችሁም አላችሁ። ከዝናብ በኋላ የማታውቁት ሐረግ ካያችሁ አትንቀሉት። ቅጠሉን ከላይም ከታችም፣ አበባውን፣ ፍሬውን፣ የሚይዝበትን እሾህ ወይም ክር በቅርብ አንሡት፤ ቦታውንና ቀኑን መዝግቡ። በአጠገቡ የሚያልፈውን የአፋር ወይም የሶማሌ እረኛ ምን ብሎ እንደሚጠራው ጠይቁትና የሱንም ስም አብራችሁ ጻፉ፤ ባሉጋኒ ላይ የደረሰው በእሱ አይድረስ። ከዚያ አራት ኪሎ ላለው ሐርባሪየም ወይም እዚሁ ጅቡቲ ላለው የጥናትና ምርምር ማዕከል ላኩት።